«የ» ጠፋች፦ ለእድራችን ኮሚቴና አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለእድራችን ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ
ለእድርተኞች በሙሉ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ተደረገ ስለተባለው «እርማት»

እንደምን ሰነበታችሁ?

ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም። ስለዚህ «ክቡራን» ምናምን ብዬ አልጀመርኩም። ሰብሳቢያችንንም እንደወትሮው አንተ ነው የምለው። ቅር ካለው ስብሰባ ላይ ይንገረኝ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የደንባችን ገጽ 4 ላይ ያለው ስህተት የእኔ ነው። የኮሚቴው አይደለም፤ የኮምፒውተር ቤቷም ልጅ አይደለም። ያን ጊዜ ጸሐፊ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬ በየገጹ ግርጌ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የተሻሻለውን ደንብ ካጸደቀ በኋላ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ይዤ ላስተይብ ሄድኩ። ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል እንጂ አያበርደውም። እኔ አነባለሁ፣ ልጅቷ ትጽፋለች። አንቀጽ 11 ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የጻፍነው ግማሹ የለም። ሴቭ አልተደረገም። እንደገና ጀመርን። በሁለተኛው ዙር እኔም ቸኮልኩ፣ እሷም ቸኮለች። ታትሞ ሲወጣ ላይ ላዩን አየት አድርጌ ፈረምኩና ወደ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሮጥኩ።

በዚያ ጥድፊያ አንዲት ፊደል ጠፋች። «የ»።

ጉባኤው ያጸደቀው፣ በእጄ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ያለው፣ እንዲህ ይላል፦ «የአባሉ ወይም የትዳር ጓደኛው ወላጅ ሲሞት እድሩ 6,000 ብር ይከፍላል።» ታትሞ የወጣው ደግሞ እንዲህ፦ «አባሉ ወይም የትዳር ጓደኛው ወላጅ ሲሞት እድሩ 6,000 ብር ይከፍላል።»

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በመጀመሪያው ላይ የእኔም እናት፣ የባለቤቴም እናት አሉ። በሁለተኛው ላይ እኔ አለሁ፣ አማቴ አለች፣ እናቴ ግን የለችም። አንዲት «የ» ስትወድቅ የወለደችኝን ይዛ ወደቀች። ደግሞ የአባሉ የራሱ ሞት እዚያው አንቀጽ 11 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ በ12,000 ብር ተቀምጧል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዋጋ አይሞትም። ይህን ያየ ሰው አንድ ነገር እንደተበላሸ መጠርጠር ነበረበት። ማንም አልጠረጠረም። እኔም ጭምር።

ለዓመታት ችግር አልፈጠረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማንም ደንቡን አያነብም ነበር። ኮሚቴው በልማድ ነበር የሚከፍለው። የአባል እናት ሞተች ከተባለ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ብሩ ይሰጣል። አለቀ።

አሁን ያለው ኮሚቴ ግን ያነባል። ይህን በክፉ አላየውም፤ ማንበባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ከሁለት ወር በፊት ግን የአንዲት እህታችን እናት አረፉ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ገንዘብ ያዡ ደንቡን አወጣ። መነጽሩን አደረገ። ገጽ 4ን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። «የባለቤትሽ እናት ቢሆኑ ኖሮ እንከፍል ነበር፤ ያንቺን ግን ደንቡ አይልም» አላት። እሷ ምንም አልመለሰችም። የያዘችውን ሲኒ መለሰችና ጀበናውን አነሳች፤ ለእሱም ቀዳችለት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። የእኔ ስህተት መሆኑን ያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ መዝገቡን ስፈልግ ነው ያወቅኩት።

መዝገቡ እኔ ጋ መቅረቱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ርክክብ ስናደርግ ማስረከብ ነበረብኝ። አሁን ግን በመቅረቱ ደስ ብሎኛል። ይህን የምለው ከእሱ በፊት የነበረው መዝገባችን የት እንደደረሰ ስለማስታውስ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ የእድሩ ዕቃ ቤትም ውኃ ገብቶበታል። በዚያ ሌሊት ከተማችን ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣችው፤ ስለ ወረቀት ያሰበ ማንም አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ከጭቃው ውስጥ ያወጣነው መዝገብ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ ደርቀው ነበር። የቢክ ቀለሙ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ከዚያ በፊት እድራችን ምን እንደወሰነ ዛሬ የሚያውቀው የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታ ደግሞ እንደየሰዉ ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ።

ባለፈው ወር ኮሚቴው በዕቃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። «በደንባችን ላይ የነበሩ ጥቃቅን የፊደል ግድፈቶች በኮሚቴው ታርመዋል» ይላል። አዲስ ፎቶ ኮፒም ታደለ። የእኔን ኮፒ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አየሁት። ሰባት ቦታ ተነክቷል። በነጭ ማጥፊያ ተቀብቶ፣ በላዩ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ ከዚያ ኮፒ የተደረገ ነው። ማጥፊያው የተቀባበት ቦታ ጥላ አለው፤ ወረቀቱን ዘወር ስታደርጉት ይታያል።

ከሰባቱ አራቱ እውነትም የፊደል ናቸው። «ሠላም» የሚለው «ሰላም» ሆኗል። እሰየው። አምስተኛው የአንቀጽ ቁጥር ነው። ስድስተኛው የቅጣት መጠን ነው። ሰባተኛው ገጽ 4 ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ገጽ 4 ላይ ኮሚቴው ዓረፍተ ነገሩ እንደሚያደናግር አይቷል። ስለዚህ «አባሉ» ከሚለው ቀጥሎ «ራሱ» የሚል ቃል ጨምሯል። አሁን የሚነበበው «አባሉ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው ወላጅ ሲሞት» ተብሎ ነው። እኔ በስህተት የጣልኳትን እናት እናንተ በእርማት ቀበራችኋት። ቅንድብ አሳምራለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይሄ ነው። በክፋት እንዳላደረጋችሁት አውቃለሁ። ግን ማን ፈቀደላችሁ?

ጥያቄዬ ይሄ ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ኮሚቴው በደንቡ ይሠራል እንጂ ደንቡን አይሠራውም። አንድ ፊደልም ቢሆን።

ይህን ስል «አንተም አበዛኸው፣ ለሠላምና ለሰላም 140 ሰው ልንሰበስብ ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ ይሰማኛል። አይደለም። ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ጉዳዩ ከነከነኝና ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው ማንበብ ጀመርኩ።

ሄንሪ ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ኒው ቤድፎርድ በምትባል ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠራ ስብሰባ ምራልን ተባለ። ስብሰባው ተተራመሰበት። በጣም አፈረ። ሁለተኛ ስብሰባ ሳላጠና አልመራም ብሎ ተነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መጽሐፉን አሳተመ። እየተሻሻለ መጥቶ 12ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ብዙ ማኅበራት የሚሰበሰቡት በእሱ ነው። ድንኳን ተክለን እንደምንጨቃጨቀው እሱም ጭቅጭቅ ውስጥ ገብቶ ነው የተማረው፤ ለዚህ ነው ሰውዬውን የወደድኩት። መጽሐፉ እኛን አይገዛንም። ሐሳቡ ግን ለእድርም ይሠራል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስህተቱ የተፈጠረው የት ነው?» የሚል ነው። ጉባኤው ካጸደቀው ላይ ነው ወይስ ከተገለበጠው ወረቀት ላይ?

የእኔ «የ» የወደቀችው ሲገለበጥ ነው። ጉባኤው እጁን ያወጣው «የአባሉ» ለሚለው ነው። ስለዚህ ደንባችን አንድም ቀን «አባሉ» ብሎ አያውቅም። የተሳሳተው ወረቀቱ እንጂ ደንቡ አይደለም። ይህን ለማስተካከል ማሻሻያ አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅም አያስፈልግም። መዝገቡን አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት፣ ወረቀቱን ማረም፣ ለጉባኤው «እንዲህ ዓይነት የግልበጣ ስህተት ነበር፣ ታርሟል» ብሎ ማሳወቅና ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ነው። የእህታችን 6,000 ብር ደግሞ ስብሰባም አይጠብቅም። ለእሷ የሚከፈላት በአዲስ ውሳኔ አይደለም፤ ቀድሞም የሚገባት ስለነበር ነው። ነገ ልትከፍሏት ትችላላችሁ። ጧት ብታደርጉት ይሻላል፤ ከሰዓት የጫት በርጫ ነው፣ ገንዘብ ያዡን አታገኙትም።

አደራ፣ ስትሄዱ ይቅርታም ጨምሩ። እኔ የራሴን ብያታለሁ።

ደቻቱ ያኛውን መዝገብ እንደበላው ይሄኛውንም በልቶት ቢሆን ኖሮስ? ይህን ብዙ አሰብኩበት። ያን ጊዜ እጃችን ላይ ያለው የታተመው ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር። «የ ነበረች» ብዬ ብምልም የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ ለዚያውም የተሳሳተው ሰው ምስክርነት። ያኔ ምናልባት በንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 መካከል ያለውን ግጭት አሳይቶ ጉባኤውን «ይህን እንዴት እንረዳው?» ማለት ነበር የሚቀረን። ደንብ ሲያሻማ የሚተረጉመው ጉባኤው ነው፤ ለዚያም አብላጫ ድምፅ ይበቃል። የማያሻማውን ግን «ትርጉም ነው» ብሎ መለወጥ አይቻልም። የሚያሻማውንም ቢሆን ተርጉሞ መተው ሳይሆን በኋላ በደንቡ መንገድ አስተካክሎ መጻፍ ነው የሚሻለው። አለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ ትርጉሙ ራሱ ይረሳል።

አገራችንም ይህን ጉዳይ አስባበታለች። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው። ሁለቱ ሳይገጥሙ ቢቀሩስ? በአዋጅ ቁጥር 3/1987 አማርኛው ይበልጣል ተብሎ አስቀድሞ ተወስኗል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ሁለት ጽሑፍ ካለ አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የትኛው እንደሚገዛ ጠብ ሳይነሳ ነው የሚወሰነው። ነጋሪት ጋዜጣም ሲሳሳት ማረሚያ ያወጣል። ስህተቱን በማጥፊያ ቀብቶ አያድለንም፤ ይኸኛው እንዲህ ተብሎ ይታረም ብሎ በግላጭ ያትማል። የእኛ ደንብ ግን መዝገቡና የታተመው ሲለያዩ የትኛው እንደሚበልጥ አንድ ቃል አይልም። እስከ ዛሬ የበለጠው በእጅ የያዝነው ሆኖ ነው የኖረው።

አባቴ የሽመንደፈር፣ የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ነበር። ቤት ውስጥ የዕቁብ ደብተር ይይዝ ነበርና አንድ ቀን የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ ስፍቅ አየኝ። ደብተሩን ከእጄ ቀማኝ። «እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያደረገ ሌባ ነው የሚባለው» አለኝ። ከዚያ አሳየኝ፤ በተሳሳተው ላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ የድሮው ቁጥር ከሥሩ እየተነበበ፣ አዲሱ ከላይ፣ ከጎኑ ፊርማና ቀን። ስህተቱ ራሱ መታየት አለበት ይል ነበር። ነጭ ማጥፊያ ስታዩ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ አንቀጽ ቁጥሩ። አዲስ አንቀጽ 9 ስንጨምር ከሱ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ ተገፉ። የዲሲፕሊን ቅጣት የነበረው አንቀጽ 14 ወደ 15 ሄደ። አንቀጽ 8 ግን «ጥፋት የፈጸመ አባል በአንቀጽ 14 መሠረት ይቀጣል» እንዳለ ቀረ። አዲሱ አንቀጽ 14 ስለ ድስትና ወንበር ኪራይ ነው። ስለዚህ በደንባችን መሠረት ስብሰባ የረበሸ ሰው ብረት ድስት ይከራያል። እዚህ ላይ ጉባኤው ራሱ ነው ያላየው፤ የግልበጣ ስህተት አይደለም። ቢሆንም ትርጉሙ ማንንም አያከራክርም። ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤው በአንድ ውሳኔ ጸሐፊውን መወከል ይችላል፦ የአንቀጽ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ የእርስ በርስ መጥቀሻዎችን፣ ትርጉም እስካልነካ ድረስ እንዲያስተካክል። የፊደል ግድፈቶቹም በዚሁ ያልፋሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሠላምና የሰላም ጉዳይ በዚህ ተቋጨ።

ግን «ትርጉም እስካልነካ» የሚለው ሐረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ ትርጉም የሚኖረው በጭረት ላይ ነው። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» መካከል ያለው «ፍ» እና «ፈ» ነው። አንደኛው ከኪሴ ያወጣል፣ ሌላው ወደ ኪሴ ያስገባል። «እና» የሚለውን «ወይም» ብታደርጉት ባንክ ለማውጣት ሁለት ፊርማ ይጠይቅ የነበረው በአንድ ፊርማ ይሆናል። ስለዚህ ጸሐፊው ትንሽ እንኳ ከተጠራጠረ እጁን ሰብስቦ ለጉባኤው ይተው።

የሚከብደው ስድስተኛው ነው። አንቀጽ 17 መዋጮ ያዘገየ አባል የመዋጮውን 50 በመቶ ይቀጣል ይላል። ኮሚቴው 5 በመቶ አድርጎታል። እውነቱን እንነጋገር፤ ሁላችንም የምናውቀው 5 እንደሆነ ነው። ስንወያይ የነበረው ስለ 5 ነው። 50 ማለት ለእድር አራጣ ነው። ሰብሳቢው ረቂቁን ሲያነብ ግን ወረቀቱ ላይ 50 ነበር፤ 50 ብሎ አነበበ። ጧት ሁለት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አራት ሰዓት አልፎ፣ ሙቀቱ ጀምሮ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ለመሄድ እየተቁነጠነጠ ነበር። እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። መዝገቡ ላይ በእጄ «50 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ የግልበጣ ስህተት አይደለም። ጉባኤው የወሰነው 50 ነው። ሁላችንም እንደተሳሳትን ብናውቅም የተሳሳትነው ድምፅ ሰጥተን ነው። ድምፅ የሰጠው ጉባኤ ራሱ በድምፅ ነው የሚመልሰው። ዛሬ ጥሩ ኮሚቴ በእስክሪብቶ 50ን 5 ካደረገ፣ ነገ ሌላ ኮሚቴ በዚያው እስክሪብቶ 5ን 50 ያደርጋል፤ ያኔ ምን ብለን ልንከራከር ነው? በጥሩ ቀን ያስለመድነውን በክፉ ቀን መከልከል አንችልም።

መንገዱ ደንባችን ውስጥ አለ። አንቀጽ 24 ማሻሻያው ከስብሰባው 15 ቀን በፊት ለአባላት በጽሑፍ ይድረስ ይላል። ጥሩምባ አይበቃም ማለት ነው። «የደንብ ማሻሻያ ስላለ ኑ» ብቻም አይበቃም። የድሮው ዓረፍተ ነገርና አዲሱ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ ሰው ቤቱ ሆኖ አንብቦ፣ ልምጣ ልቅር ብሎ የሚወስንበት መሆን አለበት። ከመካከላችን በአማርኛ የማያነቡ እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያነብላቸው ሰው እንደ ልማዳችን ቀድሞ ይመደብ።

እዚህ ላይ ከሮበርት ያገኘሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ፤ ብልህ ነገር ነው። ማስታወቂያው «ከ50 ወደ 5 በመቶ ይውረድ» ካለ ጉባኤው ተከራክሮ 10 ላይ ወይም 20 ላይ ሊስማማ ይችላል። በ50ና በ5 መካከል ነውና። 60 ማድረግ ግን አይችልም። 2 ማድረግም አይችልም። ለምን? 5 ይሆናል ሲባል «ደህና ነው፣ ባልመጣም ግድ የለኝም» ብሎ ቤቱ የቀረ አባል አለ። እሱ በሌለበት ካነበበው ክልል ውጪ መወሰን እሱን ማታለል ነው። የማስታወቂያ ጥቅሙ ለመጡት ሳይሆን ለቀሩት ነው።

ድምፅ አቆጣጠሩንም አሁኑኑ እንስማማበት፤ ያኔ እንዳንጣላ። በሮበርት መንገድ ሁለት ሦስተኛ የሚሰላው ድምፅ ከሰጡት ነው፤ ዝም ያለ አይቆጠርም። 90 ሰው መጥቶ 12ቱ ዝም ቢሉ ከቀሩት 78 ውስጥ 52 ይበቃል። የእኛ አንቀጽ 24 ግን ሁለት ሦስተኛውን «ከተገኙት» ነው የሚለው። ከ90ው 60 ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው እንደተቃወመ ይቆጠራል። በበኩሌ የሮበርቱን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ምርጫዬ ደንብ አይደለም። በራሳችን ደንብ ነው የምንሄደው። ዝም ማለት የምትወዱ ግን ዝምታችሁ ምን እንደሚያደርግ እወቁት።

እስከዚያው ድረስ 50 በመቶ የተቀጣ ሰው ካለስ? ማሻሻያ ወደፊት ነው የሚሠራው። የተከፈለው ይመለስ ከተባለ ጉባኤው ለብቻው ይወስን። እኔ ይመለስ ባይ ነኝ፤ ያን ቀን እጄን አወጣለሁ። ኮሚቴው ግን ቅጣቱን ለማስከፈል ሳይቸኩል፣ አስቸኳይ ስብሰባ ቶሎ ቢጠራ ነገሩ ያልቃል።

የምጠይቀውን ልጨርስ። በነጭ ማጥፊያ የታረመው ኮፒ ይሰብሰብ። ለእህታችን ብሯ ይከፈል። ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ጧት ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ይጠራ፤ በአጀንዳው ላይ የገጽ 4 የግልበጣ ስህተት ሪፖርት፣ ለጸሐፊው የሚሰጥ ውክልና፣ የአንቀጽ 17 ማሻሻያ፣ እንዲሁም «መዝገቡና የታተመው ቢለያዩ መዝገቡ ይገዛል» የሚል አዲስ ንዑስ አንቀጽ ይያዙ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማሻሻያ ስለሆኑ 15 ቀኑ ይጠበቅ። ጽሑፋቸውን አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን። ይህን ጊዜ ሦስት ሰው አንብቦልኛል፤ አንደኛዋ የአሥረኛ ክፍል ልጄ ናት፣ ሁለት ስህተት አግኝታብኛለች።

መዝገቡን ሰኞ ጧት ለጸሐፊው በፊርማ አስረክባለሁ። ከማስረከቤ በፊት ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። ሁለተኛ ኮፒ ከወንዙ ራቅ ያለ ቦታ፣ ሳቢያን ያለ አባላችን ቤት ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ እሱ እሺ ብሏል።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞው ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተር ቤቷ ልጅ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።
ደንባችንን ፎቶ ኮፒ አድርገው ስሙን ብቻ ቀይረው ለሚጠቀሙት የጎረቤት እድር። እባካችሁ ገጽ 4ን እዩ፤ እናንተም ጋ «የ» የለችም።